መሳኑ የምትባል ዓሣ

ልጅ ሳለሁ መሳኑ የምትባል ዓሣ አለች ብዬ አምን ነበር። አይቻት አላውቅም። መልኳን የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ግን ክንፏ ቢጫ፣ ሆዷ ብርማ፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው ብዬ ሳላመነታ እነግረው ነበር። ከአባቴ የመስታወት ባሕር ልትገባ ቀን የተቆረጠላት፣ አዋቂዎች ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉላት ዓሣ ነበረች። በስምንት ዓመቴ ከእሷ የበለጠ በጉጉት የጠበቅሁት ነገር አልነበረም።

ቤታችን ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ከፊት የአባቴ የአብዱልጀባር ጁስ ቤት፣ ከኋላ እኛ የምንኖርበት ሰፊ ክፍል ነበር። ሁለቱን የሚለየው ግድግዳ መሐሉ ተከፍቶ፣ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ሊተኛበት የሚችል የመስታወት ገንዳ ገብቶበታል። ከወዲያ ማንጎና አቮካዶ የሚጠጡ ደንበኞች ያዩታል፤ ከወዲህ እኛ እናየዋለን። ውሃው የእውነት የባሕር ውሃ ነው። የጅቡቲ መንገድ ሾፌር የሆነው ሙሀመድኑር በጀሪካን እየጫነ ያመጣልናል። ዓሣዎቹንም በላስቲክ ውስጥ አየር ሞልቶ፣ እንደ ዕንቁላል እየተጠነቀቀ የሚያመጣቸው እሱ ነው።

አባቴ ጅዳ ውስጥ በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ዓሣ ሲያበላና መስታወት ሲወለውል ዓመታት ኖሯል። ያ ሁሉ አበሻ ተጠርዞ በተመለሰበት ጊዜ እሱም ተመለሰ። ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ሲወርድ፣ አባቴ ሁለት የውሃ ሞተርና አንድ ረጅም ቱቦ ይዞ ወረደ። ሰዉ የጅዳ ፀሐይ ናላውን አዙሮታል አለ። ገንዳው ተሠርቶ መብራቱ ሲበራ ግን ያ ሁሉ ሐሜተኛ ልጆቹን እየጎተተ መጣ።

ለዓሣዎቹ ስም ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው። ጥቁርና ቢጫ ሸንተረር ያለባት ትራፊክ ነች። ከድንጋይ ቀዳዳ አንገቱን ብቻ አውጥቶ የሚውለው ዘበኛው ነው። የሁሉም የበላይ ግን ሰማያዊ ሸንተረር ያለበትና ጅራቱ ሥር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ የያዘው ሊቀመንበሩ ነበር። ይህን ስም የሰጡት ጡረታ የወጡት መምህር፣ አቶ ፈቃደ ናቸው። «ሥራ የለውም፤ ግን እሱ ሳይፈቅድ ማንም አያልፍም» ብለው ሁሉንም አሳቁ።

«ርስተኛ ናቸው» ይላል አባቴ። «ይቺ ድንጋይ የኔ ናት ካለ አለቀ። ሌላ ከመጣበት ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል።»

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ነው አንድ ላይ የምታኖራቸው?» ይሉታል።

አባቴ ፊቱ የሚበራው ይህን ጥያቄ ሲጠይቁት ነበር። እጁን በሽርጡ ይጠርግና ይጀምራል። «አዲስ የመጣውን መጀመሪያ በቅርጫት አድርጌ እዚያው ውሃው ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። ይተያያሉ፣ ግን አይነካኩም። ከዚያ ድንጋዩን ሁሉ አፈርስና እንደገና እደረድረዋለሁ። ድንጋዩ ሲፈርስ አሮጌውም አዲሱም እኩል እንግዳ ይሆናል። አሁንም አሻፈረኝ ካለ ከውጭ መስታወት አስደግፍለታለሁ። ከገዛ መልኩ ጋር ሲጣላ ይውላል፤ ሲደክመው ይተወዋል።»

ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እንደ ቁርአን ቤት ትምህርት በቃሌ ይዤው ነበር። እናቴ ረቢአም በቃሏ ይዛዋለች። እሷ ግን ጁስ እየፈጨች ዝም ብላ ነበር የምትሰማው፤ ልብ ብላ እየሰማች መሆኗን ማንም አልጠረጠረም።

በዚያ ዓመት የእናቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው አሉ። እኔ ወፍ በልቷት መስሎኝ፣ በግቢያችን ዋንዛ ላይ የሚያርፉትን ወፎች በድንጋይ ሳባርር እውል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሆዷ መግፋት ሲጀምር ግን ደስ አለኝ። ወንድም ሊመጣልኝ ነው አልኩ። ለጓደኞቼም ነገርኩ። ዛሬ የታመመ ጉበት ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ያኔ ሆድ የሚገፋው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር።

ከደሴ ሐኪም ቤት በተመለሰች ማግስት አልጋዋን ከገንዳው ሥር አስጠጉላት። አክስቴ ሀዲጃ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ልታስታምማት መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ትራፊክን ሳይ፣ ሦስቱ ከበላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ። እኔን የረሱኝ ይመስለኛል።

«እኔ እያለሁ ትግባ፣ አብዱልጀባር» አለች እናቴ። «ከሌለሁ በኋላ ከገባች ትነከሳለች።»

«ተይ ረቢአ። መድኃኒቱ ገና…»

«ዶክተሩ ያለውን አብረን ነው የሰማነው። ደግሞስ አሮጌው እያለ ነው ቀስ ብሎ የሚለመደው የምትለው አንተው አይደለህ?»

«እሱ የዓሣ ነገር ነው እኮ!»

«ርስተኛ ሁሉ ያው ነው።»

አክስቴ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ያ ረቢ! መሳኑ ኬ ኦፊ ኬቲን ዋምታ?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

እናቴ እጇን ያዘቻት። «እኔው ልጥራት እንጂ። ሌላ የማላውቃት ከምትመጣ። የጨፋ ሮቢቷን ነው የምፈልገው። ጭምት ናት፣ አትቸኩልም።»

አባቴ ተነሥቶ ንጹሑን መስታወት ይወለውል ጀመር።

እኛ ቤት አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደባልቆ ነው የሚነገረው፤ ሁለቱንም አሳምሬ እሰማለሁ። አክስቴ «መሳኑሽን ራስሽ ትጠሪያለሽ?» ስትል ግን መሳኑ የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቢሆንም አልተቸገርኩም። ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው ስለምትገባና ስለምትነከስ፣ ስለ አሮጌና ስለ አዲስ አውርተዋል። ከጨፋ ሮቢት ትመጣለች ብለዋል፤ እዚያ ደግሞ ቦርከና አለ። መሳኑ የቦርከና ወንዝ ዓሣ ነች። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

በማግስቱ አባቴን ጁስ ቤቱን ሲጠርግ አገኘሁት።

«አባ፣ የጨፋ ሮቢቷ መቼ ነው የምትመጣው?»

መጥረጊያው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ስታወሩ ሰማሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ጁምዓ፣ ኢንሻ አላህ።»

«ትልቅ ናት?»

«እ… መካከለኛ ናት።»

«ትጣላለች?»

«አትጣላም። አንቺስ?»

«እኔ ምን አገባኝ!» አልኩትና ሳቅሁ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ለምን እንደሳመኝ አልገባኝም። ያን ዕለት እናቴ ዘንድ ገብቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ገብቷታል፤ ከፋኝም አላለች» እንዳላት የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ስለ ዓሣ፣ እሱ ስለ ሚስት እያወራን ተግባብተን ተለያየን።

ጁምዓ ከመድረሱ በፊት ጁስ ቤቱ ጢም ባለበት ሰዓት አቶ ፈቃደ ጠሩኝ። «ሪሀና፣ ከሊቀመንበሩ ጋር ሰለቸን እኮ። አዲስ ሹም የለም እንዴ?»

«አለ!» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። «ጁምዓ መሳኑ ትመጣለች። የመረጠቻት እማ ናት!»

ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ በአፍንጫው ሳቀና ጓደኛው በክርኑ ሲጎስመው ዝም አለ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ማንጎ መላጥ ቀጠለ። አቶ ፈቃደ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እግዜር ያበርታት» አሉ።

ለመሳኑ ያሉ መስሎኝ «አሜን» አልኩ። መሳኑ በኦሮምኛ ጣውንት ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከፍ ብዬ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲሰዳደቡበት ሰምቼ ነው። ያን ቀን የክፍል ጓደኞቼ ለምን እንዳለቀስኩ አልገባቸውም። እኔ ግን የጁስ ቤቱ ዝምታ፣ የአባቴ ጀርባ፣ የአቶ ፈቃደ ባርኔጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡብኝ።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በጭብጤ ሙሉ ጨው ይዤ ነበር። የባሕር ውሃ የለመደ ዓሣ ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ከገባ እንደሚሞት አባቴ ነግሮኛል። እንግዲህ የወንዝ ዓሣ ደግሞ ወደ ጨው ውሃ ስትገባ እንዳትደነግጥ አስቀድማ መቅመስ አለባት ብዬ ያሰብኩት እኔው ነኝ። ጨዉን ከወጥ ቤት የወሰድኩት ለማንም ሳልናገር ነው።

ባጃጅ መጣች። አባቴ ወረደ፣ አክስቴ ሀዲጃ ወረደች፤ ቀጥሎ አንዲት ረጅም ሴት ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወረደች። ላስቲክ የለም፣ ባልዲም የለም።

«መሳኑ የታለች?» አልኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አለች አክስቴ፣ አፌን ልትመታኝ እጇን ሰንዝራ። ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻትና ፊቴ ቁጢጥ አለች። ጥርሷ ፍንጭት ነው። እጇ የወፍጮና የጭቃ ሥራ ያሻከረው ትልቅ እጅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለችኝ።

«አንቺ ሰው ነሽ።»

«አዎ፣ ሰው ነኝ። ሳቢራ ነው ስሜ። ምን ይዘሻል?»

ጭብጤን ከፈትኩ። ላቤ ጨዉን አቅልጦት እጄ ላይ ተለጣጥፏል። «ለመሳኑ ነው። ወደኛ ውሃ ስትገባ እንዳትሞት።»

ሳቢራ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ወደ መሬት የወደቀውን ፍሬ ሳይቀር ለቀመችና በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው። «እንግዲያው አልሞትም» አለች።

አክስቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የምትስቅ መሰለኝ።

ሳቢራና እናቴ ጨፋ ሮቢት አንድ መንደር ያደጉ ናቸው። ሳቢራ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከትዳሯ ወጥታ እናቷ ቤት ትኖር ነበር። ኒካሑ፣ የጋብቻው ውል፣ በዚያው በእናቷ ቤት በዚያ ጠዋት ታስሯል። ይህን ሁሉ በጊዜው የነገረኝ የለም። የነገሩኝ «እማን ልታግዝ የመጣች ናት» ብለው ነው፤ ሐሰት አልነበረም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታችን ተገለበጠ። እናቴ ትራሷ ላይ ቀና ብላ እጇን እያወናጨፈች ታዛለች። «ድንጋዩን ሁሉ አፍርሱት!» አለች፤ ደክሟትም ሳቀች። ቁም ሳጥኑ ከወዲህ ወዲያ ሄደ። ምንጣፉ ዞረ። የሷ አልጋ ከገንዳው ሥር ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። የኔ ፍራሽ ከሷ አጠገብ ተነሥቶ ገንዳው ሥር ተነጠፈ፤ ከጎኑ የሳቢራ ፍራሽ።

እኔ ከእናቴ ጎን ሌላ ቦታ ተኝቼ አላውቅም። ቤቱን አላወቅሁትም። የውሃ ማሰሮው እንኳ ቦታው ላይ አልነበረም። ሳቢራ ፍራሼን ልታስተካክል እጇን ስትዘረጋ ጎንበስ ብዬ ነከስኳት። አውራ ጣቷ ሥር ያለውን ሥጋ እስከምችለው ነከስኩት። አፌ ውስጥ የደም ጣዕም መጣ።

አባቴ ጮኸ። አክስቴ ተነሣች። «ተዉ» አለች እናቴ ከመስኮቱ። «ማንም እንዳይነካት።»

እኔን የገረመኝ ግን ሳቢራ ነች። ሰው ሲነከስ እጁን ይነጥቃል፤ ወይም ይማታል። እሷ አልጮኸችም፣ እጇንም አልሳበችም። እስክተዋት ድረስ እጇን እዚያው ትታ ጠበቀችኝ። ደንዛዛ ናት፣ አያማትም ብዬ ደመደምኩ።

እናቴ ጠራችኝ። ልትቆጣኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ከትራሷ ሥር ከጅዳ የመጣላትን ክብ መስታወቷን አውጥታ ሰጠችኝ። «ይቺ ያንቺ ናት። ንዴት ሲመጣብሽ እሷን እያየሽ ተቆጪ» አለች። እኔ ሽልማት ነው የመሰለኝ። ሳቢራ ባየኋት ቁጥር ጥግ ይዤ መስታወቱ ላይ ጥርሴን እገልጣለሁ፣ ቅንድቤን እቋጥራለሁ። ቆይቶ ፊቴ ራሱ ያስቀኝ ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ሙሀመድኑር በላስቲክ አንዲት ትንሽ ቢጫ ዓሣ ይዞ መጣ። አባቴ ደስ አላለውም። «በዚህ ሰዓት ዓሣ ምን ያደርግልናል ረቢአ? ሊቀመንበሩ ይገድላታል።»

«ካወቅህበት አይገድላትም» አለች እናቴ። «እንድታያት ነው የምፈልገው።»

ማን እንድታያት እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ ደስታዬ ሌላ ነበር። ክንፏ ቢጫ፣ ዓይኗ ትልልቅ! መሳኑ መጣች። ያቺ ሴትዮ «እኔ ነኝ» ስትለኝ ዋሽታኛለች አልኩ።

ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ገንዳው ፊት መቀመጥ ሆነ። መሳኑ በቅርጫቷ ውስጥ ሆና ትተነፍሳለች። ሊቀመንበሩ እየተንደረደረ መጥቶ ቅርጫቱን በጅራቱ ይመታል፤ ክርክር የሚል ድምፅ ይሰማል። አባቴ ድንጋዩን አፈረሰበት። መስታወት አስደገፈበት። እኔም የራሴን መስታወት ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። እሱ በወዲያኛው፣ እኔ በወዲህኛው ስንቆጣ እንውላለን።

ከኋላዬ ደግሞ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ አለ። «ሪሀና ሽንኩርት አትወድም፤ አድቅቀሽ ሸሽጊላት» ትላለች እናቴ። «ጠጉሯን ስትሠሪ ከጆሮዋ ጀርባ ቀስ በይ፣ እዚያ ላይ ያማታል። ስትዋሽ ወደ ላይ ነው የምታየው።» ሳቢራ «እሺ» ትላለች። እናቴ ሠራተኛ ስታሠለጥን እየሰማሁ ኩራት ተሰማኝ። ስታስረክባት እንደነበር ያኔ ማን ይነግረኛል?

እናቴ ምንም ቅር አላላትም ብዬ ግን አልዋሽም። አንድ ቀን ሳቢራ የአባቴን ነጭ ጀለቢያ አጥባ፣ ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ ስታሰጣ፣ እጅጌውን በመዳፏ ስትዳብስ እናቴ በመስኮቱ አየቻት። ብዙ ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አመመሽ እማ?» አልኳት። «ፀሐዩ ነው» አለችኝ። ፀሐዩ በዚያ በኩል አልነበረም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት፣ ቦርሳዬን አንግቼ ልወጣ ስል እናቴ አባቴን ጠራችው። ድምፅዋ በጣም ቀጥኖ ነበር። «ዛሬ ልቀቃት» አለችው።

«ዛሬ? ሁለት ቀን እንያት እንጂ።»

«ዛሬ፣ አብዱልጀባር። ልያት።»

አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ቅርጫቱን ከፈተ። መሳኑ አልወጣችም። ሊቀመንበሩ ከድንጋዩ ጀርባ አፍጦ ይጠብቃል። እኔ ልቀር ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ጠርታ ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ። «ሂጂ። ስትመለሺ ንገሪኝ።»

ሙሉ ጠዋት መምህሯ ያለችውን አልሰማሁም። ነክሷት ይሆን? ሞታ ተንሳፋ ይሆን? ደወሉ ሲደወል ቦርሳዬ ጀርባዬን እየመታኝ ሮጥኩ። ጁስ ቤቱ ሥራ አቁሟል፣ በሩ ግን ገርበብ ብሏል፤ ደጁ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። አቶ ፈቃደ «ልጄ» ብለው ተነሡ። ከሥራቸው ሾልኬ ገባሁ። በባዶው ጁስ ቤት ወንበር ላይ ወጥቼ በመስታወቱ አየሁ።

መሳኑ ቅርጫቷ ውስጥ አልነበረችም። አዲሱ የድንጋይ ቁልል ላይ አረንጓዴውን እየቀመሰች ትዋኛለች። ሊቀመንበሩ በአጠገቧ አለፈ። ዝም ብሎ አለፈ።

ወንበሩን ገልብጬ ዞርኩና በኋላው በር በረርኩ። ክፍሉ በሴቶች ተሞልቷል። በመካከላቸው እየረገጥኩ አለፍኩ። «እማ! አልነከሳትም!» አልኩ። «እማ፣ አልነከሳትም እኮ!»

የመስኮቱ አልጋ ባዶ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳው ተደግፏል። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ወንዶቹ ገና ከቀብር አልተመለሱም፤ አባቴም የለም። በመስታወቱ ያየኋቸው ዓሣዎች እዚያው እየዋኙ ነው፤ የሚነገረው ሰው የለም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ።

ሳቢራ ከተቀመጠችበት ተነሣች። አልጠራችኝም፣ አልቀረበችኝም። እጇን ብቻ ዘረጋችልኝ፣ ያንኑ የነከስኩትን እጅ። ሄጄ ያዝኩት።

አሁን ገንዳው ደረቅ ነው። መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ሙሀመድኑር ውሃ ማምጣት ሲያቅተው፣ መብራቱም አላስተማምን ሲል፣ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። ከሁሉ በኋላ የሞተው ሊቀመንበሩ ነው። አባቴ ቀብሮታል፤ አልሳቅንበትም። ሳቢራ ዛሬ የጁስ ብርጭቆዎቹን የምትደረድረው እዚያ ውስጥ ነው።

በዚህ ዓመት፣ ኒካሔ ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው፣ አክስቴ ሀዲጃ ሁሉንም ነገረችኝ። መሳኑ ያልኳት ዓሣ የተገዛችው ለኔ መሆኑን፣ ድንጋዩ የፈረሰው ለኔ መሆኑን፣ መስታወቱም ለምን እንደተሰጠኝ። እናቴ ሳቢራን ማን እንዳይነክሳት ፈርታ እንደነበር ያኔ ገባኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ርስተኛዋ ዓሣ እኔ ነበርኩ።

ወደ ሳቢራ ሄድኩ። ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። እጇን ያዝኩና ገለበጥኩት። አውራ ጣቷ ሥር የጥርሴ ምልክት እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ነጥቷል።

«ያኔ ለምን እጅሽን አልሳብሽም?» አልኳት።

ብዙ ጊዜ የጠበቀችው ጥያቄ ይመስል ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እናትሽ ነግራኝ ነበር» አለች። «‹ልጄ ትነክስሻለች፣ እጅሽን እንዳትስቢባት፤ ከሳብሽባት ሁልጊዜ ትነክስሻለች› ብላኝ ነበር።»

«ያኔ አያማትም ብዬ ነበር» አልኳት። «አመመሽ?»

«በጣም» አለችኝ። እጇ አሁንም እጄ ውስጥ ነበር።